ባለ ሁለት ጢሙ ጋሼ

ፀጉር አስተካካዩ ጉንፋኑ ለቀቀኝ ብሎ ደስ ባለው ሰሞን፣ አንድ ጠዋት ሚስቱ ሁለት ሆና ታየችው።

ሲነግራት፣ «አንዷ አልበቃህ ብላ ነው?» ብላ ሳቀችበት። ወደ ቀኝ ሲያይ ግን ቀኝ ዓይኑ መሃል ላይ ቀጥ ብሎ ሲቀር አየችና ሳቋ ድርግም አለ። እጁን ይዛ ሐኪም ቤት!

ሐኪሟ ስትመረምረው ቆይታ፣ «ዓይንህ ደህና ነው» አለችው። «ወደ ውጭ የሚያዞረው ነርቭ ነው የደከመው። ከቫይረስ በኋላ አንዳንዴ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ ግን በወራት ውስጥ ይመለሳል። እስከዚያ አንዱን ዓይን ሸፍነው።»

«ምላጭስ?»

«ምላጭማ ተው!»

ሌላ ሙያ የለውም። ባይመለስስ?

«በቶንዶስ ብቻ እሠራለሁ» ብሎ ሱቁን ከፈተ። ደንበኛ እንዳይደነግጥ ብሎ የዓይን መሸፈኛውን ኪሱ ከተተው። ፊቱን ወደ ቀኝ ሲያዞር ሁለቱ ምስሎች ገጥመው አንድ ይሆኑለታል። በመስታወት የሚያየው ደንበኛ ደግሞ አዙር የተባለ እየመሰለው አብሮት ይዞራል! እሱ ይዞራል፣ ደንበኛው ይዞራል። አንዱ ጎረምሳ ከጆሮው በላይ ተመልጦ ተነሳ።

«ወንድሜ፣ መስኮት ነው የከፈትክልኝ?»

ሱቁ ተዘጋ። ጎረቤቱ ጡረተኛው መካኒክ ግን ጢማቸውን ለሌላ ሰው እጅ አልሰጥም አሉ። «እጠብቅሃለሁ። ጢሜ እንደሆነ የትም አይሄድ።» ጢማቸው አንገታቸውን እስኪሸፍን አደገ። በየጠዋቱ ፀጉር አስተካካዩ ቤት በር ላይ ይቆማሉ።

«ዛሬስ ስንት ነኝ?»

«ሁለት ነዎት፣ ጋሼ።»

«ተራርቀናል?»

«ኧረ ተቃቅፋችኋል!»

እንዲህ እንዲህ እያለ፣ አንድ ቀን በሩን ሲከፍት ጮኸ። «ጋሼ! አንድ ነዎት! በቀኝም በግራም አንድ!»

ሚስቱ እየሮጠች መጣች። «እስቲ ወደ ቀኝ እይ! ሄደ! ዓይንህ ጥግ ድረስ ሄደ!» እልል አለች።

ሐኪሟ ጣቷን ግራ ቀኝ በዓይኑ እያስከተለች አየችው። «በል ሂድ፣ ሥራ!»

ባልና ሚስቱ ወደ ሱቁ ሲመለሱ ጋሼ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው፣ ፎጣውን ራሳቸው አስረው ጠበቋቸው። ሳሙናውን አረፋ አደረገ፤ አዲስ ምላጭ አወጣ። ወደ ጉንጫቸው አስጠጋው።

«ጋሼ፣ አይንቀሳቀሱ።»

«ሁለታችንም ዝም ብለናል» አሉት፣ በአረፋው ውስጥ እየሳቁ።