የበረቱ ቄጠማ

በጃንሆይ ዘመን፣ ወረታ ዳር፣ አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ ለጎንደር ገበያ ሰንጋ ያደልቡ ነበር። ዝናብ ሲጥል ሽንቱና አዛባው ተደባልቆ ከበረቱ ቁልቁል ወደ ጎረቤታችን ምንጭ ይወርዳል። ጎረቤታችን ባሏ የሞተባት፣ አንድ ሕፃን ያላት ሴት ናት።

አቤት ስትል አማቴ አልተቆጡም። ከበረቱ በታች አዛባው የሚዘቅጥበት ጉድጓድ ቆፈሩ፤ ከጉድጓዱ ተርፎ የሚፈሰው በሚያልፍበት ቦይ ደግሞ ከርብ ወንዝ ዳር ነቅለው ያመጡትን ቄጠማ ተከሉበት።

«ውሃ በቄጠማ መሀል ሲያዘግም ይጠራል፤ ርብ ዳር ስንት ዘመን ያየሁት ነው» አሉ።

በልቤ ሳቅሁባቸው። በክረምቱ ግን ውሃው እውነትም ጠርቶ ወረደ። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቁን፤ ቄጠማው እንዳይታጨድ።

የሰኔ ሚካኤልን በየዓመቱ የምንዘክረው እኛ ነን። በተከታዩ ሰኔ ለጉዝጓዝ ወንዝ መውረድ ነበረብኝ፤ ሰነፍኩ። እውነቱ ይኸው ነው። ማጭድ ይዤ ከበረቱ ሥር ወረድኩና አንዲት ሳላስቀር አጨድኩት። አጥቤ ጎዘጎዝኩት፤ እንግዳው ሲያደንቅም ኮራሁ። አማቴ ሲገቡ እግራቸው ሥር ያለውን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። ሰው ፊት ነበርንና አልፈው ተቀመጡ።

ከሰዓት የጀመረው ዝናብ ሦስት ቀን አላባራም። በአራተኛው ቀን የጎረቤቴን ልጅ ተቅማጥ ጣለው፤ ጡት መሳብ እንኳ አቃተው። እሱ ቢሞት ገዳዩ እኔ እንደሆንኩ አውቅ ነበር።

ልጁ በመከራ ተረፈ። እናቱ አማቴን በሽማግሌ ከሰሰቻቸው። ቦዩን ደለል ደፍኖት ስለነበር የታጨደውን ያየ ሰው የለም።

«ጥፋቱ የኔ ነው፤ ጉድጓዱን አሳንሼ ቆፍሬው ነው። ይቅር በይኝ፣ ልጄ» ብለው አማቴ ጎንበስ አሉላት።

ሽማግሌዎቹ በተቀመጡበት ቤት በር ጥግ ቆሜ ነበር። «እኔ ነኝ» ልል አፌን ከፈትኩ። ሰው ምን ይለኛል ብዬ መልሼ ዘጋሁት።

በዓመቱ፣ በሚካኤል ዋዜማ፣ አማቴ በከዘራ እየተደገፉ ርብ ወርደው አንድ እስር ቄጠማ ተሸክመው መጡና ደጄ ላይ አስቀመጡት። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጎረቤቴ ልጇን አዝላ ልታግዘኝ መጣች። ስንጎዘጉዝ አማቴ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል።

«ኧረ ሲያምር! ያምናውም እንዲህ ነበር። ከየት ነበር ያመጣሽው?» አለችኝ።

አማቴ ቀና ብለው መልሴን ጠበቁ።

«ከወንዝ» አልኳት።