በበር ሥር የገባው ሥዕል

ባለፈው ሳምንት ልጄን ከትምህርት ቤት ሳመጣ፣ በአሮጌ መጻሕፍት መሸጫ መስኮት ላይ የፈረሰ ቤተ መቅደስ ሥዕል አየን። «ማን አፈረሰው?» አለችኝ። እንዲህ ያለ ሥዕል ከዓመታት በፊት አይቼ ነበርና እጇን ይዤ ወደ መስኮቱ ተጠጋሁ።

የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከአጎቴ ልጅ ከላምቤቦ ጋር በስደት የምንሠራበት የካትሌሆንግ ሰፈር ሱቅ ተዘጋና ዮቪል በተባለ ሌላ ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ አንዲት ክፍል ውስጥ ታፍነን ተቀመጥን። መስኮታችን የሚያሳየው የጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ ነው። የሰኔ ብርድ በሲሚንቶው ይገባል። ጠዋት ፓፕ የሚሉት የበቆሎ ገንፎ፣ ማታ ፓፕ፣ ከቆርቆሮ ዓሣ ጋር። ከዚያ ላምቤቦ ታመመ።

ፊት ለፊታችን ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሁላችንም «ምኩሉ» እንላቸዋለን፣ በዙሉ አያት ማለት ነው። ዕድሜያቸውን የጨረሱት ሥዕል ማተሚያ ቤት ሲሠሩ ነው። ሳሉን ሰምተው ኖሮ አንድ ቀን በበራችን ሥር አንድ ወረቀት አስገቡ።

«ዓይናችሁ ትንሽ ወጣ ይበል» አሉ ከውጭ። ሥዕሉ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት በጣሊያን አገር መዳብ ላይ በመርፌ ተጭሮ፣ በአሲድ ተበልቶ የታተመ እንደሆነ፣ የእጃቸው ግን ቅጂ መሆኑን በሩ እንደተዘጋ አስረዱኝ።

ጣሪያው የወደቀ የጥንት ቤተ መቅደስ ነው። የዓምዶቹ አናት ላይ ቁጥቋጦ በቅሏል፤ ከሥራቸው ጥፍር የሚያክሉ ሰዎች ተቀምጠዋል። ከኋላቸው መንገድ ወደ ኮረብታው ይወጣል። ያ መንገድ ያናድደኝ ነበር።

«እነዚህ ሰዎች አይፈሩም እንዴ?» አለ ላምቤቦ ፍራሹ ላይ ሆኖ። «ድንጋዩ ሊወድቅባቸው ነው፣ እነሱ ምሳ ይበላሉ!» ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆነ፤ ሳሉ አልቆም አለ፤ ከንፈሩ ጠቆረ።

«ሆስፒታል እንሂድ።»

«የመኖሪያ ወረቀቴ ጊዜው አልፏል፣ ይይዙኛል። በሩን እንዳትከፍት!»

ሦስት ቀን ሙሉ እንዲህ ሲለኝ ታዝዤው ነበር። ከንፈሩ የጠቆረ ጠዋት ግን ወጥቼ የምኩሉን በር ደበደብኩ። ለአምቡላንስ ቢደውሉ ቆዩ ተባሉ፤ ታክሲ የሚነዳ የእህታቸውን ልጅ ጠሩልን። ሊፍቱ አይሠራም። እኔ ላምቤቦን በብብቱ ስይዘው፣ እሳቸው አፍንጫቸውን በሻርፕ ሸፍነው እግሩን አነሱ።

«ይተዉት ምኩሉ፣ ይይዝዎታል።»

«ደረጃው ጠባብ ነው። ብቻህን ትጥለዋለህ።»

ሆስፒታሉ የጠየቀን ስሙንና ዕድሜውን ብቻ ነበር። ላምቤቦ ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ከስቶ፣ ግን በእግሩ ወጣ። ምኩሉ በዚያው ሰሞን ታመው ሆስፒታል ገቡ፤ አልተመለሱም።

ከእኛ ይያዙ ከሌላ፣ የሚነግረኝ የለም። ዕቃቸውን ልትወስድ የመጣችው ልጃቸው ኮሪደሩ ላይ «አባቴን ታውቀው ነበር?» ብትለኝ፣ «በሰላምታ ብቻ» አልኳት።

ዛሬ ላምቤቦ የሦስት ልጆች አባት ነው። ያ ቀን ቢመለስ ያን በር ዛሬም እደበድበዋለሁ። ለምኩሉ ልጅ የሰጠኋት መልስ ግን እስካሁን አፌ ውስጥ ይመረኛል።