የሬሬዋ ሚኒባስ ዝም ያለ ለት

ሬሬዋ ከቤሲዮ እስከ ቢኬኒቤኡ ሚኒባስ መንዳት ስትጀምር ሹፌሮቹ «አንድ ወር አትቆይም» ብለው ነበር። ይኸው አሥራ አንድ ዓመቷ። ከዚያ በፊት ልብስ ሰፊ ነበረች፤ የባሏ ዓይን ደክሞ መሪውን ሲለቅ እሷ ጨበጠችው። መኪናው ግን የባሏ ታላቅ ወንድም የኢኦቴባ ነው።

በታራዋ ደሴት ዘፈን የሌለው ሚኒባስ ተሳፋሪ አያገኝም። ሰው መንገድ ዳር ቆሞ አንዱን አሳልፎ ሌላውን የሚጠብቀው በዘፈኑ ነው። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ታዲያ፣ ባሕሩን በሚያቋርጠው መንገድ ላይ፣ ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ዘፈኑ ቀጥ አለ። ቴፑ «ፍላሽ የለም» ይላል። ፍላሹ እዚያው እንደተሰካ ነው።

«ልጄ፣ ለቀብር ነው እንዴ የምንሄደው?» አለች ዓሣ ሻጯ ታኦሪባ። መኪናው በሳቅ ተሞላ።

መኪናዋን ይዛ ስትሄድ ቴፕ ጠጋኙ ኡቲማዋ ከወንበሩ እንኳ አልተነሳም። «ሞቷል፤ አዲስ ግዢ።»

«ሳትነካው?»

«ድምፁ ይነግረኛል።»

«ድምፅማ የለውም!» አለችና ጥላው ሄደች።

ወሬው ኢኦቴባ ጋ ቀድሟት ደርሶ ነበር። «ቁልፉን አምጪ» አላት። «አዲስ ቴፕ በመርከብ እስኪመጣ መኪናው ይቁም። ከዚያ የእህቴ ልጅ ይይዘዋል። ወንድ ልጅ ለዚህ ነገር ይሻላል።»

«አልሰጥም።»

«ምን አልሽ?»

«አልሰጥም አልኩ። ይቅርታዎን፣ ሞተ የተባለውን እኔ ሳላየው አልቀብርም።»

ፍላሹን የጎረቤት ሹፌር መኪና ላይ ሰካችው፤ ዘፈነ። የጎረቤቱን ፍላሽ አምጥታ የራሷ ላይ ሰካች፤ ዝም። ሬዲዮውን ከፈተች፤ የጣቢያው ሰውዬ ቁልጭ ብሎ ተናገረ። ቴፑም ድምጽ ማጉያውም ደህና ናቸው ማለት ነው። የቀረው ፍላሹ በሚሰካበት የዳሽቦርድ ቀዳዳና በቴፑ ጀርባ መካከል ያለው ገመድ ብቻ ነው።

ዳሽቦርዱን ፈታች። የገመዱ ጫፍ በባሕር ጨው አረንጓዴ ሆኗል። በጥርስ ብሩሽና በአልኮል ፈገፈገችው፤ ዘፈነ። ደስ ብሏት መንገድ ወጣች። የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ መልሶ ዝም አለ። ከፌርማታው የቆሙት ሹፌሮች አጨበጨቡላት።

አላለቀሰችም፤ ተሳደበች። ከዚያ ገመዱን በጣቷ እየዳበሰች ተከተለችው። የዳሽቦርዱ ኪስ መዝጊያ ሲከፈትና ሲዘጋ እየነከሰው፣ ውስጡ ካሉት አራት ቀጫጭን ክሮች ሁለቱ ተበጥሰው ነበር። የተበላሸውን ቆርጣ፣ ከአሮጌ የስልክ ቻርጀር ገመድ ጤነኛውን ወስዳ፣ ቀይን ከቀይ፣ ጥቁርን ከጥቁር፣ ነጭን ከነጭ፣ አረንጓዴን ከአረንጓዴ አጣመረች። እያንዳንዱን ለብቻው በፕላስተር ጠቀለለች። ከመዝጊያው አርቃም በጨርቅ ቅዳጅ አሰረችው።

በማግስቱ ኢኦቴባ የእህቱን ልጅ አስከትሎ ቤሲዮ ፌርማታ ጠበቃት። ሚኒባሱ ገና ከሩቅ እየዘፈነ መጣ። ጉድጓዱን ሆን ብላ ረገጠችው፤ ዘፈኑ አልተንገዳገደም።

«ቁልፉን...» ብሎ ጀመረ ኢኦቴባ።

«ልንሄድ ነው። የሚሄዱ ከሆነ ይግቡ» አለችው።

መቀመጫው ሞልቶ ስለነበር ሁለቱም ጎንበስ ብለው ቆሙ። ትንሽ እንደሄዱ ኢኦቴባ «ድምፁን ቀንሺው!» ብሎ ጮኸ።

«አይሰማኝም!» አለች ሬሬዋ፣ ጨምራ እያጮኸችው።

ባይሪኪ ፌርማታ ሲደርሱ አጎትና ልጅ ወረዱ። ስለ ቁልፉ ያነሳ የለም።