የጋቢው በር

ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ኮዳዋን ስከፍተው ውሃው ጠዋት እንደሞላሁት ነው። ከንፈሯ ግን ደርቋል። የሞቀው ፕላስቲክ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ ቀጨኔ ዳገቱ ላይ የተማርኩበት ትምህርት ቤት መጣብኝ።

የሴቶቹ ሽንት ቤት በር አልነበረውም። ፊት ለፊቱ ደግሞ ወንዶቹ ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ ነበር። ስለዚህ እኛ የአምስተኛ ክፍል ሴቶች መምህር ያላስተማረንን እናውቅ ነበር። ሻይ ቶሎ ያስሮጣል። ውሃ በአንዴ ከተጋቱት ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ይመጣል። ወተት ግን ሰውነት ውስጥ ይቆያል፤ ጨው ጣል የተደረገበት አጥሚትም እንደዚያው። ወተት በየቤቱ የለም እንጂ። አብራኝ የምትቀመጠው ጓደኛዬ ቤት ጠዋት ጠዋት ያለው ሻይ ብቻ ነበር፤ እሷ እሱንም ተወችው።

«እኔ ግመል ነኝ» ትለኝ ነበር።

«ግመል እኮ የትም ይሸናል፤ አንቺ ነሽ የተቸገርሽው።»

አንድ የበጋ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ስንሰቅል ከሰልፉ መሀል ወደቀች። ደግፌ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሷ ሽንቷን አይታ «ይሄማ የቡና አተላ ነው። ኩላሊትሽን ልታጠፊው ነው? ውሃ ጠጪ እንጂ፣ የኔ ልጅ» አለቻት። ጓደኛዬ እሺ አለች። ዳገቱን ስንወጣ ግን ቆም ብላ «ጠጥቼስ የት ልሸናው?» አለችኝ።

በማግስቱ የአባቴን ጋቢ በሁለት ሚስማር ሽንት ቤቱ መቃን ላይ ሰቀልኩና ጫፉን ይዤ ቆምኩ። ጓደኛዬ ቧንቧው ስር ጎንበስ ብላ ስትጠጣ የጉሮሮዋ ድምፅ እኔ ድረስ ይሰማ ነበር። ሌሎቹም ተከተሏት።

ዘበኛው መጣ። «አንቺ፣ ይሄን ድሪቶ አውርጂ።»

«በር ሲሠራ አወርደዋለሁ፣ ጋሼ።»

ሳምንት ሳይሞላ ዲሬክተሩ ጋቢውን ነቅሎ ለአባቴ አስረከበው፤ እኔን ደግሞ ሰልፉ ፊት ይቅርታ ካልጠየቅሽ አትማሪም አለኝ። አልጠየቅሁም። አባቴ «አንዲት ቃል እኮ ናት፣ ልጄ» ብሎ ለመነኝ። ከአፌ አልወጣችም። ትምህርቴ እዚያው ላይ ቀረ።

ፈሪ ነኝ። ልጄን አንዴ ካሳላት እንቅልፍ አይወስደኝም። ያቺን የይቅርታ ቃል ግን ዛሬም ቢሆን አልናገራትም።

ልጄን ለምን አልጠጣሽም ስላት «በሩ አይዘጋም፣ እማዬ» አለችኝ። ነገ መቀርቀሪያና መዶሻ ይዤ ትምህርት ቤቷ እሄዳለሁ። እምቢ ካሉኝ ጋቢው ሳጥኔ ውስጥ አለ፤ ሚስማር የበሳቸውን ሁለት ቀዳዳዎች አልሰፋኋቸውም።

ያኔ ጓደኛዬ ከእኔ በኋላ እዚያው ዳገቱ ላይ መማር ቀጠለች። ቤተሰቦቿ ሰፈር እስኪለቁ ድረስ በየመንገዱ እንገናኝ ነበር። ጋቢው ከወረደ በኋላ ማን እንደሚከልላት አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኋትም።