ለስቅለት የደረሰ ጉልበት

በምሠራበት ቤት ያጠብኩት ወለል ሳይደርቅ፣ ስልኬ ጠራ ብዬ ስሮጥ አዳለጠኝና ቀኝ ጉልበቴን ጎዳሁት። ሐኪሙ የተበጠሰ ነገር እንደሌለ ነግሮኝ ክኒን ሰጠኝ። ክኒኑ ሕመሙን ወሰደልኝ፤ እግሬን ማመን ግን አልቻልኩም። ዝም ብዬ ቆሜ ሳለሁ በድንገት እጥፍ ይልብኛል።

ሥራውን እንደምንም ተወጣሁት። ያልተወጣሁት የስቅለትን ስግደት ነው። አምና እዚህ ጅቡቲ ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን፣ ከአሮጊቶቹ መካከል ወንበር ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። ወደ ማታ ሰው ሁሉ ተሰልፎ ኃጢአቱን ሲናገር፣ ቄሶቹም በወይራ ቅጠል ጀርባውን መታ መታ እያደረጉ የስግደት ቁጥር ሲሰጡት፣ የእኔ ተራ ደረሰ። የነፍስ አባቴ አነካከሴን አይተው «አንቺ አባታችን ሆይ ድገሚ፤ ይበቃሻል» ብለው በወይራው ነካ አደረጉኝ። አዝነውልኝ ነው፣ አውቃለሁ። እኔ ግን ተናደድኩ። ገና አርባ አምስት ዓመቴ ነው። ሰው ቤት እየኖሩ የራሴ ነው የሚሉት ነገር ጥቂት ነው፤ ስግደቴ አንዱ ነበር።

የምሠራላት ፈረንሳዊት፣ እኛ ማዳም የምንላት፣ ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባለው ሰፈር ባለው ቤቷ በረንዳ ላይ ጠዋት ጠዋት ምንጣፍ አንጥፋ ዮጋ ትሠራለች። ሳያት «ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» እል ነበር በልቤ። አንድ ቀን የልብስ ቅርጫት ይዤ፣ ደረጃውን እንደ ሸርጣን በጎን ስወርድ አየችኝና ቅርጫቱን አስቀምጪ ብላ አንዱን የዮጋ አቋቋም አሳየችኝ። አንድ እግር ወደ ፊት ሰፋ አድርጎ መራመድ፣ የፊቱን ጉልበት ማጠፍ፣ የኋላውን እግር ዘርግቶ በጣቶቹ መቆም፣ ከዚያ ሁለቱን እጆች ወደ ላይ አንሥቶ አምስት ጊዜ መተንፈስ። እኔ በሁለተኛው ትንፋሽ ተንገዳግጄ የአበባ ማሰሮ ላይ ወደቅሁ።

ነገሩ ይጠቅመኛል ብዬ አመንኩ፤ ግን ፈራሁ። ዋራበሌ ሰፈር የምትኖር የማኅበር እኅቴ፣ ዮጋ የጣዖት አምልኮ ነው ስትል ሰምቻታለሁ። ስለዚህ ክፍሌን ዘግቼ መለማመድ ጀመርኩ። መጀመሪያ ግን እመቤታችን እንዳታየኝ የሥዕሏን መጋረጃ እስብባታለሁ። ደግሞም የምንጸልየው ወደ ምሥራቅ ስለሆነ ፊቴን ወደ ምዕራብ አዞራለሁ፤ እዚያ በኩል ያለው ቁም ሣጥን ነው። ለብዙ ሳምንት አንድ እጄ ከቁም ሣጥኑ አልተላቀቀም። አንድ ጠዋት ለቀቅሁትና አምስቱን ትንፋሽ ጨረስኩ። በዚያው ሰሞን ደረጃውን ከነቅርጫቴ ፊት ለፊት ወረድኩት። ደስታውም ጸጸቱም እኩል መጣብኝ።

ዘንድሮ ስቅለት ሲደርስ ጉልበቴ ደህና ነበር። እኔ ግን በባዕድ አምልኮ የዳነ ጉልበት ለጌታ እንዴት ይታጠፋል ብዬ፣ ያንኑ ወንበር ይዤ ተቀመጥኩ። ሰው ሲሰግድ ሲነሣ እያየሁ፣ ያለ ሕመም ተቀምጬ ዋልኩ። አምና ከነሕመሜ የተቀመጥኩት ይሻል ነበር።

ወደ ማታ ተሰልፌ የነፍስ አባቴ ፊት ደረስኩ።

«አባቴ፣ ዮጋ ሠርቻለሁ።»

«ምንድን ነው እሱ?»

መግለጽ አቃተኝ። ሰልፉ ከኋላዬ እየጠበቀ፣ አንድ እግሬን ወደ ፊት አድርጌ ጉልበቴን አጠፍኩላቸው። እጄን ለማንሣት ግን አፈርኩ።

«ይህን ስታደርጊ የማንን ስም ትጠሪያለሽ?»

«የማንንም። እንዳልወድቅ ብቻ ነው የማስበው።»

ከዚያ ስለ መጋረጃውና ስለ ምዕራቡ ነገርኳቸው። ወይራውን ወደ አፋቸው አስጠጉት፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። የተቆጡ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እየሳቁ ነው።

«እመቤታችን ጉልበትሽ እንዲድን የምትጠላ መሰለሽ?» አሉኝ። «ማንንም ካላመለክሽበት የእግር ሥራ ነው። አሁን ያምሻል?»

«አያመኝም።»

«ታዲያ ለምን ተቀምጠሽ ዋልሽ?»

ዞር ብዬ ወንበሬን አየሁት።

«ስለ እግር ሥራው የምቀጣሽ የለም። ደህና ሆነሽ ስለ ተቀመጥሽ ግን ሰባ ስገጂ» አሉና ጀርባዬን በወይራው መቱኝ። ከአምናው ጠንከር ይላል።

ከግድግዳው አጠገብ ቦታ ይዤ ጀመርኩ። ሠላሳ ላይ ነጠላዬ በላብ ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ። ስልሳ ላይ ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ፤ ግን አልከዳኝም። ከላዬ ላይ የሆነ ሸክም ሲወርድልኝ ይሰማኛል፤ ግንባሬ መሬት በነካ ቁጥር አለቅሳለሁ። እንደ ጤነኛ ሰው መቀጣት እንዲህ ደስ እንደሚል አላውቅም ነበር። ሰባውን ስጨርስ፣ ቁጥር ተሳስቼ እንዳይሆን ብዬ ሦስት ጨመርኩ።