ሃምሳ ስምንት ከስልሳ

ኡሙሀኒ ሸፊ ሥራዋን የሚያማባት ሰው አትወድም ነበር። ማንስ ይወዳል? እሷ ግን ምክንያት ነበራት። አዲሱ ገበያ ካለው ከአባቷ ሱቅ ወጥታ ጉለሌ አንድ ላቦራቶሪ ስትቀጠር ጠርሙስ አጣቢ ነበረች፤ ደም መርማሪ ለመሆን ዘጠኝ ዓመት ፈጅቶባታል።

በ1976 ክረምት ከውጭ አገር አዲስ የደም መመርመሪያ መጣ። ሰው የወፍ በሽታ የሚለውን፣ ዓይን ቢጫ የሚያደርገውን የጉበት ሕመም፣ ቶሎ ይለያል ተባለ። እውነት ይለይ እንደሆነ የማጣራቱ ሥራ ለኡሙሀኒ ደረሳት። መቶ ብልቃጥ ደም ቀረበላት፤ ስልሳው በሽታው በሌላ ምርመራ ከተረጋገጠባቸው ሰዎች፣ አርባው ከጤነኞች። ብልቃጦቹ ላይ ቁጥር ብቻ ነው ያለው። የትኛው ደም የማን እንደሆነ የሰፈረበትን ዝርዝር የክፍሉ ኃላፊ ጓድ ግዛቸው ቆልፎበታል።

መቶውንም መርምራ ጨርሳ ዝርዝሩ ሲከፈት ጉድ ወጣ። አዲሱ ምርመራ ከስልሳው በሽተኛ ያወቀው ሠላሳ አንዱን ብቻ!

«ዕቃው ሌላ አገር በደንብ ሠርቷል» አለ ግዛቸው። «ስህተቱ ያንቺ ነው የሚሆነው። ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ።»

ኡሙሀኒ ተቃጠለች። ቤቷ ግን አልሄደችም፤ መመሪያውን እንደገና አነበበች። «በክፍል ሙቀት አንድ ሰዓት ይቆይ» ይላል። ግድግዳው ላይ ያለውን ቴርሞሜትር አየች፤ ክፍሉ አሥራ ሦስት ዲግሪ! ክፍል ሁሉ እንደ አገሩ ሃያ አምስት ዲግሪ የሚሞቅ መስሎት ያን የጻፈ ሰውዬ ከእንጦጦ የሚወርደውን የሐምሌ ብርድ የት ያውቀዋል?

«ጓድ ግዛቸው፣ አንድ ቀን ይስጡኝ» አለችው። «ቁጥሮቹን ግን እርስዎ ይቀያይሩልኝ፤ የማንን ደም እንደያዝኩ እንዳላውቅ።»

በማግስቱ ያንኑ ደም በማሞቂያ ሣጥን ውስጥ፣ በሃያ አምስት ዲግሪ አቆይታ መረመረች። ሃምሳ ስምንት በሽተኛ ተገኘ። ከጤነኞቹ አንድም በሐሰት አልተከሰሰም።

ግዛቸው ፊቱ በራ። «በቃ፣ ስልሳ ከስልሳ እንበለው። ሪፖርቱም ያምራል፣ በላይ ያሉትም ደስ ይላቸዋል።»

«አይሆንም!» አለች። «እነዚያ ያመለጡን ሁለቱ ነገ ደም ሊለግሱ ቢመጡ፣ ንጹሕ ነው ብለን ደማቸውን ለወላድ እናት ልንሰጥ ነው? ምርመራው እንደሚሳሳት ይጻፍ፤ ሐኪሙ ይወቀው።»

ግዛቸው ብዕሩን አነሣና ሃምሳ ስምንት ብሎ ጻፈ። በዚያ ቤት ሪፖርት ላይ ከኃላፊው በቀር የማንም ስም ገብቶ አያውቅም ነበር። ወረቀቱን ግን ወደ እሷ ገፋ አደረገላት።

«ስምሽን ጻፊበት» አላት።

ኡሙሀኒ ወንበር ሳበች፤ ተደላድላ ተቀመጠችና ሳትቸኩል ጻፈች።