ፍሪጁ እስኪነሳ

ዛሬ ጎንደር፣ መብራት ጠፍቶ ቆይቶ ሲመለስ ፍሪጁ አንዴ ተንቀጥቅጦ ማጉረምረም ቢጀምር፣ የማጥበውን ሰሃን እንደያዝሁ ቆሜ ቀረሁ፤ ያ ድምፅ ልጅነቴን ወዳሳለፍሁባት የቆላ ከተማ፣ ኮኪት፣ ሙቀቱ ቆርቆሮ ወደሚያስጮህበት የሰሊጥ አጨዳ ወቅት ይዞኝ ሄደ።

እናቴ ይርገዱ በሰፈሩ ብቸኛ በሆነው ፍሪጇ በረዶና ቀዝቃዛ ከርከዴ እያዘጋጀች ለአጫጆች ትሸጥ ነበር። ከታችኛው መደርደሪያ ላይ ግን በጨርቅ የተጠቀለለ የሰናይት ኢንሱሊን ነበረ። ሰናይት እኩያዬ፣ የጎረቤታችን የትራክተር ነጂው የጋሼ ፈንታሁን ልጅ ናት፤ ስኳር የያዛት ገና በሕፃንነቷ ነው።

አንድ ጥቅምት መብራት ሄዶ ቀረ። እናቴ ወዲያው ሽያጩን አቁማ ፍሪጁን እንዳይከፈት በገመድ አሰረችው፣ ብርድ ልብስም ደረበችለት፤ እኛ ልጆች የታመመ ሰው የተኛ ይመስል በእግር ጣታችን እንራመድ ጀመር። ከጎጃም የመጣ አንድ አጫጅ ላቡን እየጠረገ፣ «እባክዎ እትዬ፣ አንዲት ቁራጭ በረዶ ብቻ» ቢላት፣ «ልጄ፣ ከማሰሮው ውሃ ጠጣ። ይህ የሰው ነፍስ ነው» ብላ በጣሳ ቀዳችለት።

በረዶው ሊያልቅ ሲል መብራት መጣ፤ ግን አቅም አልነበረውም። አምፖሉ እንደ ፍም ቀላ እንጂ አልበራም፣ ፍሪጁም አቃስቶ ዝም አለ። ጋሼ ፈንታሁን ሌላ መድኃኒት ፍለጋ ጎንደር ሄደው ገና አልተመለሱም። እናቴ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወጣች፤ እኔም ተከተልኋት። ያን ሁሉ ቀን መብራት ሲጠብቅ የከረመ ሰፈር ምጣዱንም፣ ካውያውንም፣ ምድጃውንም በአንድ ጊዜ ሰክቶ ነበር።

«ለሰናይት መድኃኒት ነው፤ ፍሪጁ እስኪነሳ ንቀሉልኝ» አለች በየበሩ።

እትዬ ዘነቡ የገነፈለ ሊጣቸውን አይተው፣ «ውይ፣ ሊጤ!» አሉ፤ ወዲያው ግን በገዛ እጃቸው ነቅለው እንጨት ሊፈልጡ ወጡ። ካውያውን የነቀለው ልብስ ሰፊ ከሰል አቀጣጠለ። መጨረሻ ላይ የሰፈሩ ወፍጮም ጸጥ ሲል፣ ከቤታችን የሰናይት ጩኸት ተሰማ፦ «ተነሳ! እትዬ ይርገዱ፣ ተነሳ!»

መድኃኒቱ ተረፈ። ሰናይት ዛሬ ሳንጃ ከተማ የምትኖር የልጆች እናት ናት። እናቴ ካረፈች ቆየች። እኔ መብራት ቢደክም የማን ልጅ ምን እንደሚያስፈልጋት አላውቅም፣ ለማንኳኳትም አፍራለሁ፤ እናቴ ግን ያን ቀን ከበር በር ስትዞር፣ ምክንያቱን ሁለት ጊዜ እንድትናገር ያደረጋት አንድም ሰው አልነበረም።